የደን ዳር ገበሬና የመዝገብ ሰው፤ በቦሬና በአካባቢው የተደረገ የመስክ ጥናት ታሪክ

ከአዋሳ ተነሥቶ በአለታ ወንዶና በሀገረ ሰላም በኩል ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ ቦሬ ሲደርስ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ብርዳም ደጋ ላይ ይቆማል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታየው ገብስ፥ እንሰት፥ ባቄላና ድንች ነው፤ ጧት ጧት ጉም ሲወርድ የጓሮው እንሰትና ከበስተኋላው የቆመው ዛፍ አንድ ሆነው ይታያሉ። ከዚያ በአንፈራራ በኩል ወደ ክብረ መንግሥት፥ ማለት ወደ አዶላ፥ ሲወረድ ዝግባና ቀረሮ፥ ዶቅማና ብሳና የተቀላቀሉበት እርጥበታማ ደን መንገዱን ይከባል። ዋደራ ከታለፈ በኋላ ደኑ እየሳሳ ይሄድና ወደ ነገሌ ሲቃረቡ ግራርና ቍጥቋጦ ይበዛል። በዚህ መንገድ ላይ የሚኖረው ሕዝብ በብዛቱ ጉጂ ኦሮሞ ነው፤ ኡራጋ፥ ማቲና ሆኩ በሚባሉ ሦስት ታላላቅ ክፍሎች የተመደበ ሲሆን፥ በቀድሞው የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዘመን አገሩ ጀምጀም በሚለው ስም ይታወቅ ነበር።

ደኑ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በመንግሥት ጥበቃ ሥር እንዲሆኑ ከተመረጡት 58 ታላላቅ ደኖች መካከል በአንፈራራና በዋደራ ስም ተመዝግቧል። ከከፋና ከሸካ ደን ጋር ሲነጻጸር ዝናቡ ያነሰ ስለ ሆነ፥ የዕፀዋት ሊቃውንት እርጥብ ከሚባለውና ደረቅ ከሚባለው የተራራ ደን መካከል ያስቀምጡታል። ለዳር ገበሬው ግን ይህ ክፍፍል ትርጕም የለውም፤ ከብቱን የሚያሰማራውና ቀፎውን የሚሰቅለው፥ ማገሩንና ማገዶውንም የሚያገኘው ከዚያው ከአንዱ ደን ነው።

ስለዚህ ሕዝብ የተጻፈው ጥቂት አይደለም፤ ስለ ደኑም እንዲሁ። ሁለቱን ጽሑፎች አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ለሚያነብ ሰው ግን አንድ የሚያስገርም ጉድለት ይታየዋል፤ ይኸውም በደኑ ጫፍ ላይ የሚያርሰው ሰው፥ ከደኑ ጋር ያለው የየዕለት ግንኙነት በአንደኛውም በሌላውም መዝገብ ውስጥ በቅጡ አለመግባቱ ነው። ጉድለቱ ከጥናት ስንፍና የመጣ አይደለም። ጥናቱ በምን ሁኔታ፥ በማን ፈቃድና በየትኛው ጥያቄ እንደ ተካሄደ መመርመር ምክንያቱን ያሳያል፤ ውጤቱም በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም።

በዚህ አገር የመስክ ጥናት ታሪክ መጀመሪያ ላይ የአንድ ወፍ ነገር አለ። ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ የተባለው ጣሊያናዊ መስፍን ከሶማሌ ጠረፍ ተነሥቶ የገናሌንና የዳዋን አገር ሲያስስ ቆይቶ፥ በ1886 ዓ.ም. ኅዳር ወር (እ.ኤ.አ. 1893) በቡርጂ አካባቢ ዝሆን ገደለው። ካሰባሰባቸው ነገሮች መካከል ከዚያ በፊት በሳይንስ ያልታወቀ የአንድ ወፍ ቆዳ ተገኘና፥ ሳልቫዶሪ የተባለው የአዕዋፍ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1896 በሟቹ ስም ሰየመው። ነገር ግን ወፉ የተያዘበት ቦታ አልተጻፈም ነበር። ከዚህም የተነሣ ወፉ የት እንደሚኖር ሳይታወቅ ግማሽ ምእተ ዓመት ያህል አለፈ፤ በመጨረሻ ቤንሰን የተባሉ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ አሬሮ ደን ውስጥ አገኙት። በኋላም በነገሌ አቅራቢያ በገናሌ ወንዝ ዳር ታየ። ወፉ በዚያ ሁሉ ዘመን በአገሬው ሰው ዐይን ፊት ከዛፍ ወደ ዛፍ እየዘለለ ፍሬ ሲለቅም ይኖር ነበር፤ የጠየቀ አልነበረም እንጂ። ይህ ታሪክ ለአዕዋፍ ሊቃውንት እንደ ጨዋታ የሚነገር ቢሆንም፥ ከስፍራው የተነጠለ ነገር እንዴት ያለ ዕውቀት እንደሚሆን ያሳያል፤ በሰውም ጥናት እንዲህ ያለ ነገር መደረጉ ከዚህ በታች ይታያል።

በሥርዐት የተደራጀው የሕዝብ ባሕል ጥናት ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ የደረሰው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በፍራንክፈርት የሚገኘው የፍሮቤኒዩስ ተቋም በፕሮፌሰር አዶልፍ የንሰን መሪነት እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1952 አንድ የጥናት ጓድ ላከ፤ ከ1954 እስከ 1956 ደግሞ ሁለተኛውን ጓድ አይኬ ሀበርላንድ መሩት። በነዚያው ዓመታት ፖል ባክስተር የተባሉ እንግሊዛዊ ከድንበሩ ማዶ በኬንያ የሚኖሩትን ቦረናዎች ያጠኑ ነበር። በአዲስ አበባም የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የኢትኖሎጂ ማኅበር ተማሪዎች የየአገራቸውን የልደት፥ የጋብቻና የቀብር ልማድ መዝግበው በማኅበሩ መጽሔት ያወጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አስመሮም ለገሰ በቦረና መካከል ተቀምጠው ያደረጉት ጥናት በ1973 የታተመውን የገዳን መጽሐፍ አስገኘ። ስለ ጉጂ ለብቻው ደግሞ ጆን ሂናንት እ.ኤ.አ. በ1977 ለቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን አቀረቡ፤ የእርሱም ርእሰ ነገር ገዳ ነው።

የነዚህን ሊቃውንት ምርጫ መንቀፍ ቀላል ነው፤ ግን ትክክል አይሆንም። በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን የሚተላለፍበት የጉጂ ገዳ፥ በሜኤ ቦኮ የሚፈጸመው ሥርዐትና የትውልድ ደረጃዎቹ አቆጣጠር በዓለም ላይ ብዙ አምሳያ የሌለው ነገር ነው። ሽማግሌዎቹም ራሳቸው ሊነገር የሚገባው ቁም ነገር ይህ ነው ብለው ያምኑ ነበር። የገዳ ሥርዐት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲገባ ከብዙ ዓመታት በፊት የተጻፈው ሁሉ መሠረት ሆኖ አገልግሏል። ይሁን እንጂ ስለ ገዳ የሚጠየቀው ሽማግሌ፥ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ስለ አባቶቹ የሚናገር ሰው ነው። ያው ሽማግሌ ከስብሰባው ተነሥቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ የሚያልፍበት ማሳ፥ የሚዘጋው አጥር፥ ከደን የሚመለሱት ላሞች በማስታወሻው ደብተር ውስጥ ጥቂት ስፍራ ብቻ አገኙ።

እ.ኤ.አ. 1963 ለዚህ ነገር ጥሩ ምስክር የሚሆን ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ሦስት መጻሕፍት ታተሙ። የመጀመሪያው በሽቱትጋርት የወጣው የሀበርላንድ ታላቅ መጽሐፍ ሲሆን፥ ያን ጊዜ በውጭ አገር ጽሑፍ ይሠራበት የነበረውን፥ ዛሬ በስድብነቱ የተተወውን ስም ርእሱ አድርጎ የደቡብ ኢትዮጵያን ኦሮሞች ይገልጻል። ቦረና፥ ጉጂና አርሲ በሰፊው የተጻፈላቸው እዚህ ነው፤ የመጽሐፉም ክብደት በጐሣ፥ በገዳና በእምነት ላይ ያርፋል። ሁለተኛው በአዲስ አበባ የታተመው የፍሪድሪኽ ፎን ብራይትንባኽ የኢትዮጵያ አገር በቀል ዛፎች መጽሐፍ ነው። ሦስተኛው ኸርበርት ሙኒ በደብሊን ያሳተሙት የኢትዮጵያ ዕፀዋት ስሞች መዝገበ ቃላት ነው። ከነዚህም አሥራ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ሎጋን የተባሉ የደን ባለሙያ የመካከለኛውንና የደቡብ ኢትዮጵያን ደኖች የሚያስተዋውቅ ጥናት በኦክስፎርድ አሳትመው ነበር።

ከሦስቱ ሁሉ ለገበሬው የሚቀርበው፥ ደረቅ የስም ዝርዝር የሚመስለው የሙኒ መዝገብ መሆኑ የሚያስገርም ነው። ዝግባን ቢርቢርሳ፥ ዶቅማን በዴሳ፥ ኮሶን ሄጦ ብሎ ለመጻፍ በየአገሩ የሚያውቅ ሰው ማግኘትና መጠየቅ ግድ ነው። ስለዚህም በዚያ መዝገብ ውስጥ እያንዳንዱ ቃል ከአንድ እረኛ ወይም ከአንድ ቀፎ ሰቃይ አፍ የተወሰደ ነው ማለት ይቻላል። ግን ስሙ ተወሰደ እንጂ ከስሙ ጋር የነበረው ሁሉ አልተወሰደም። የትኛው ዛፍ በማን ጥያቄ ይቈረጣል፤ የትኛው ለቀፎ ይተዋል፤ የትኛው ወዩ፥ ማለት የተከበረና የማይነካ፥ ሆኖ ይኖራል የሚለው ነገር ከደን ባለሙያው ሥራ ውጭ ነበር። ስለ ወዩ የሚጽፈው የባሕል ተመራማሪው ነው፤ እርሱ ግን ዛፎቹን አይቈጥርም። እንግዲህ አንድ ዛፍ በሁለት መጻሕፍት ውስጥ ሁለት ዛፍ ሆነ፤ በአንዱ ቅዱስ፥ በሌላው ሜትር ኩብ።

ይህ የሊቃውንት የሥራ ክፍፍል ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ጉዳቱ ትንሽ በሆነ ነበር። ነገር ግን ሦስተኛ መዝገብ ያዥም ነበር፤ እርሱም መንግሥት ነው። ሀበርላንድ ሁለተኛውን ጓድ እየመሩ በደቡብ በነበሩበት ጊዜ፥ በ1948 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1955) የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ታወጀ። በ130ኛው አንቀጽ በማንም ሰው ስም ያልተያዘ ንብረት፥ ደኑ ሁሉና የግጦሹ መሬት ሁሉ ጭምር፥ የመንግሥት ሀብት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ ስለ መንግሥት ደን፥ ስለ ግል ደንና ስለ መከላከያ ደን 225፥ 226 እና 227 የሚል ቍጥር የተሰጣቸው ሦስት አዋጆች ወጡ። ጉጂዎች የሚያርሱትን ማሳ በስማቸው ማስመዝገብ ከብዷቸው በነበረበት ጊዜ፥ ደንና ግጦሽ በማንም ስም ሊያዝ የሚችል ነገር አልነበረም። የጋራ ነው፤ ለጋራ ደግሞ በሕጉ ውስጥ ዓምድ አልተሰመረም። በመስኩ የነበሩት ሊቃውንት የጐሣውን ሥርዐት በጥንቃቄ ሲጽፉ፥ ያ ሥርዐት የቆመበት መሬት በአንድ አንቀጽ ባለቤት ለወጠ። የጐሣ መሪዎች በግጦሽና በውሃ ላይ ያላቸውን ሥልጣን የሚገልጽ ጽሑፍ በተቋሙ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እያለ፥ በሕግ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ አልደረሰም።

ከዚህ በኋላ ተመራማሪው የሚጠይቀው ጥያቄ ለገበሬው ምን መስሎ እንደሚሰማ መገመት አያዳግትም። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በደቡብ አገሮች ቀላድ መጣል ማለት መሬት መለካት ብቻ አልነበረም። ከተለካው መሬት ሲሶው ለባላባቱ ሲቀር ሌላው በመንግሥት እጅ ገብቶ ለወታደር፥ ለሹምና ለቤተ ክርስቲያን ይታደል ነበር። ቀላድ ባልተጣለበት አገር እንኳ ወሬው ከቀላዱ ቀድሞ ይደርሳል። እንግዲህ ደብተር የያዘ እንግዳ ከወረዳው ደብዳቤ ጋር መጥቶ «ማሳህ ስንት ነው? ከብትህስ? ይህን ቦታ መቼ መነጠርህ?» ብሎ ሲጠይቅ፥ ጥያቄው በአማርኛ ተነሥቶ በአስተርጓሚ አፍ በኦሮምኛ ሲደርስ፥ ገበሬው የሚሰማው የግብር ጥያቄ ነው። የሚሰጠውም መልስ እንደዚያው ነው፤ ማሳው ጥቂት፥ ከብቱ የዘመድ፥ ምንጣሮው የአባቱ ይሆናል። ስለ ገዳ ሲጠየቅ ግን አንደበቱ ይፈታል፤ ምክንያቱም ስለ ገዳ ግብር አይከፈልም። የዚያን ዘመን መጻሕፍት በሥርዐት ገለጻ ሙሉ፥ በማሳ ገለጻ ባዶ መሆናቸው በከፊል ከዚህ ይመነጫል። መጠየቂያው ራሱ መልሱን መርጦ ነበር።

በዚህ ዝምታ ውስጥ የጠፋው ነገር ምንድን ነው? ዋነኛው ይህ ነው። እንሰት ከዓመት ዓመት በአንድ ጓሮ የሚኖር ተክል ነው፤ ለቆጮ ለመድረስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት፥ በብርዳሙ ደጋ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። መሬቱ ሳይደክም ይህን ያህል የሚቀመጠው በፍግ ነው። ፍጉ የሚገኘው ከከብት ነው፤ ከብቱም ቀን በደን ውስጥና በደኑ መሐል ባሉት ሜዳዎች ተሰማርቶ ማታ ወደ በረት ይመለሳል። በሌላ አነጋገር ደኑ በየማታው በከብት ሆድ ተጭኖ ወደ ጓሮ ይገባል። ደኑን ሳይመነጥሩ መብላት የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው። የደን ጠባቂው ከብት ከደን ይውጣ ሲል፥ ይህን ሰንሰለት ካላወቀ፥ ዛፍ ያዳነ ይመስለዋል። የከብቱ ቍጥር ሲያንስ ፍግ ያንሳል፤ ፍግ ሲያንስ እንሰቱ ይመነምናል፤ እንሰቱ የመነመነበት ቤተ ሰብ ወደ ገብስና ወደ ድንች ይዞራል፤ ገብሱ ደግሞ አዲስ መሬት ይጠይቃል፤ አዲሱም መሬት ያለው በደኑ ጫፍ ነው። የባሕል ተመራማሪው ከብቱን በሥርዐትና በጥሎሽ ክፍል ጻፈው፤ የደን ባለሙያው በጥፋት ክፍል ጻፈው፤ የእርሻ ባለሙያው እንሰቱን ለብቻው ጻፈው። ሦስቱን የሚያያይዘው ፍግ ማንም ዘንድ አልተጻፈም።

በዚህም ላይ ሌላ ነገር አለ። እንሰት መፋቅ፥ ቆጮ መቅበርና ማብላላት፥ ወተቱንና ቅቤውን ማስተዳደር የሴቶች ሥራ ነው። ወንድ ተመራማሪ ከወንድ ሽማግሌ ጋር በጥላ ሥር ሲነጋገር በዋለበት ሰዓት፥ የዓመቱ ቀለብ ይበቃል ወይስ አይበቃም የምታውቀው ሴት በጓሮ ነበረች። ጓሮው ከደኑ ምን ያህል ፍግ እንደሚፈልግ መልሱ የነበረው ከእርሷ ዘንድ ነው።

በሌላ መንገድ መሥራት ይቻል እንደ ነበር የሚያሳዩ ምሳሌዎች በዚያው ዘመን አሉ። ሄልመር ስሜድስ የተባሉት የፊንላንድ የመልክዐ ምድር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1955 የምሥራቅ ሲዳሞን የእንሰት ተከላ ባሕል የሚመለከት ጥናት በሄልሲንኪ አሳተሙ፤ ከቦሬ ጋር በሚዋሰነው ደጋ ላይ የጓሮው እርሻ ራሱ የጥናት ርእስ ሆኖ የታየበት ሥራ ነው። ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት መጽሐፍ ጉራጌን በእንሰቱ በኩል ተመለከቱት። ጃክ ስታውደር ደግሞ በምዕራቡ ዝናባም ደን ውስጥ ከሚኖሩት ከመዠንገሮች ጋር ተቀምጠው፥ ምንጣሮው እንዴት ከቦታ ወደ ቦታ እንደሚዘዋወርና ሰፈሩ እንዴት እንደሚከተለው መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1971 አሳተሙ። ከሁሉም ቀድሞ የሚጠቀሰው ግን ሃሮልድ ኮንክሊን በፊሊፒን ደሴቶች በሀኑኖኦ ሕዝብ መካከል ያደረጉት ነው፤ ሥራቸውን የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1957 አሳተመው። ኮንክሊን ደን መንጥሮ ማረስ ጥፋት ነው ከሚለው ከጊዜው አስተያየት አልተነሡም። አንድ ማሳ ከምንጣሮ እስከ ቃጠሎ፥ ከዘር እስከ አጨዳ፥ ከዚያም እስኪታደር ድረስ ሲያልፍ ገበሬዎቹ ራሳቸው በሚጠሩት ስም እየተከታተሉ ጻፉ። በቦሬ ደጋ እንዲህ ያለ ሥራ ያን ጊዜ ቢሠራ ኖሮ፥ የደኑ ድንበር ሲከለል በእጅ ላይ የሚገኘው ወረቀት ሌላ በሆነ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ የግብሩ ፍርሃት ተነሣ፤ የጋራ መሬት ዓምድ ግን አሁንም አልተሰመረም። ገበሬው በገበሬ ማኅበር ተደራጀ፤ የማኅበሩም ወሰን በ800 ሄክታር መለኪያ እንዲመሠረት ስለ ታሰበ፥ ከብት በዝናብና በበጋ የሚዘዋወርበትን መንገድ አልተከተለም። እ.ኤ.አ. በ1980 ስለ ደንና ስለ ዱር አራዊት የወጣው አዋጅ ለጥበቃው አንድ ባለ ሥልጣን መሥሪያ ቤት አቋቋመ። ቀጥሎም የመንደር ምሥረታው ዘመቻ መጣ። የዚህን ዘመቻ ውጤት በጉጂ መካከል ያጠኑት አንትሮፖሎጂስቱ ታደሰ በሪሶ ናቸው፤ የዶክትሬት ጽሑፋቸው እ.ኤ.አ. በ1995 በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቀርቧል። ከገዳ ሥርዐት ወደ ማሳና ወደ መንደር፥ ከነበረው ወደ ተደረገው የዞረ ጥናት በመሆኑ በጉጂ ጥናት ታሪክ ውስጥ የመታጠፊያ ስፍራ ይገባዋል። በየኮረብታው ተበታትኖ የነበረ ቤት በመስመር ሲሰለፍ፥ ለዓመታት በፍግ የተኮተኮተው ጓሮ ወደ ኋላ ይቀራል፤ እንሰትን እንደ ዕቃ ተሸክሞ መሄድ አይቻልም። ሕዝቡ ከ1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚ ለውጥ በኋላ መንደሩን እየተወ ወደ ቀድሞ ስፍራው ሲመለስ፥ በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወቅት ጠባቂ ያጣው ደን በብዙ አገር ተመታ። ከዚያ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ያዩት ይህን ነው፤ ብዙዎቹም የዳር ገበሬው ልማድ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ እንደ ነበረ አድርገው ጻፉት።

ይህን አጻጻፍ የሚያጠናክር አንድ የታወቀ ቍጥር ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር፤ ዛሬ የቀረው 3 ወይም 4 በመቶ ነው የሚለው አነጋገር ከመንግሥት ሰነድ ወደ ውጭ አገር መጽሐፍ፥ ከዚያም ተመልሶ ወደ ሰነዱ ሲዘዋወር ኖሯል። ሃልቮር ቮየን እ.ኤ.አ. በ1995፥ ታሪክ ጸሓፊው ጄምስ ማካን ደግሞ በ1997 የአነጋገሩን ምንጭ ወደ ኋላ ሲከተሉ ከሥሩ ልኬት የሚባል ነገር አላገኙም። በዚህ ማለት ደኑ አልጠፋም ማለት አይደለም፤ በጉጂ ደጋ የጠፋው ደን በዐይን የሚታይ ነው። ነገር ግን መነሻው ያልተለካ ነገር የጥፋቱን ምክንያትም አያስረዳም። በጊኒ አገር በኪሲዱጉ አውራጃ ጄምስ ፌርሄድና መሊሳ ሊች እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። በዚያ በየመንደሩ ዙሪያ የቆመውን ደን ባለሙያዎች ሁሉ ከታላቅ ደን የተረፈ ርዝራዥ ይሉት ነበር፤ የቀድሞዎቹ የአየር ፎቶግራፎችና የሽማግሌዎቹ ቃል ሲመረመር ግን ደኑን ያበዙት መንደርተኞቹ ራሳቸው ሆነው ተገኙ።

በኢትዮጵያ የተለየ አሠራር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በጭልሞና በቦንጋ ደኖች ነው፤ ደኑን ከዳር ነዋሪው ጋር በውል ማስተዳደር የሚለው ይህ ዘዴ ኋላ በቦረና ወደ ያቤሎ፥ ወደ አሬሮና ወደ ነገሌ ደረሰ። ውል ለመዋዋል ግን ማን በየትኛው ደን ምን መብት እንዳለው አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሠራተኞቹም ከሀምሳ ዓመት በፊት ሊጠየቅ ይገባ የነበረውን ጥያቄ ከመጀመሪያው መጠየቅ ግድ ሆነባቸው። ቦሬም ላይ የኦሮሚያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት አንድ ማእከል አለው፤ የገብስና የድንች ዘር በመምረጥ ሥራው ለደጋው ገበሬ ጥቅም ሰጥቷል።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በሪያድ በተደረገው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ጉባኤ ከቦሬ በስተ ምዕራብና በስተ ምሥራቅ ያሉ ሁለት ስፍራዎች በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። በምዕራብ ያለው የጌዴኦ መልክዐ ምድር ነው፤ እንሰት፥ ቡናና አገር በቀል ዛፍ በአንድ ማሳ የሚኖሩበት ይህ አገር በባሕላዊ ቅርስነት፥ ከነገበሬው ተመዘገበ። በምሥራቅ ያለው የሐረና ደን የሚገኝበት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ እርሱ በተፈጥሮ ቅርስነት ተመዘገበ፤ በክልሉ ውስጥ የሚሰማራው ከብትና የሚኖረው ሰው ግን ለአስተዳደሩ እንደ ችግር የሚቈጠር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የጉጂ ደጋ የሁለቱንም ጠባይ ይዟል፤ ጓሮው ወደ ጌዴኦ፥ ደኑ ወደ ባሌ ያዘነብላል።

የ2010 ዓ.ም. የደን ልማት፥ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 1065 ከግልና ከመንግሥት ደን ጋር የማኅበረሰብንና የማኅበርን ደን አወቀ። በ1948 ዓ.ም. ያልተሰመረው ዓምድ በዚህ ተሰመረ። ዓምዱን ለመሙላት ግን ወሰኑን የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል፤ የትኛው ሜዳ የማን ግጦሽ እንደ ነበረ፥ ቀፎ የሚሰቀልበት ዛፍ የማን እንደ ነበረ፥ ከብት በበጋ በየት በኩል ወደ ቈላ እንደሚወርድ መናገር የሚችል። የፍራንክፈርቱ ጓድ በደቡብ ሲዘዋወር የአሥር ዓመት እረኛ የነበረ ልጅ፥ በሕይወት ካለ፥ ዛሬ ሰማንያ ዓመት አልፎታል።